ከአጥሩ ወዲያ ያለው ዓይን

የትነበርሽ ዓይን ትፈራለች። ጅብ አትፈራም፤ ደባርቅ ዳር ላይ ለኖረች ሴት ጅብ ጎረቤት ነው። ውርጭም አያስደነግጣትም። እሷን የሚያባንናት የሰው ዓይን ነው፤ በአጥሯ ጥግ ሲያልፍ ቀና ብሎ ወደ ግቢዋ የሚያይ፣ አይቶም "ምን ያለ ሸጋ ነገር ነው!" የሚል ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ካለፈ ያን ቀን እህል አይወርድላትም።

ለመሳቅ የቸኮለ ሰው ግን ትንሽ ይታገስ። የትነበርሽ ከአምሐ በፊት ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱንም አፈር አልብሳለች። አንዱ በትኩሳት፣ አንዷ በተቅማጥ፣ አንዱ ደግሞ ምን እንደነካው ሳይታወቅ አለፈ። እሷ የምታስታውሰው ትኩሳቱንም ተቅማጡንም አይደለም፤ ከመታመማቸው በፊት ማን መጥቶ እንዳያቸውና ምን እንዳለ ነው። ሕፃን ያየ ሰው ሁሉ "ሸጋ ልጅ" እንደሚል፣ ለዳኑትም እንዲሁ እንደተባለ አስባው አታውቅም።

አራተኛው አምሐ ሲወለድ ዘዴ ለወጠች። ጆሮውን በሳችው፣ የሴት ቀሚስ አለበሰችው። ከቤት ሲወጣ ግንባሩን ጥላሸት ትቀባዋለች፤ እንግዳ ሲመጣ ጓዳ ትከተዋለች፤ "ልጅሽስ ደህና ነው?" ሲሏት "የምን ልጅ፣ ይኸ ጉስቁል!" ትላለች። አምሐ አደገ፣ ጢም አወጣ፣ ሚስት አገባ። ከዚያ ወዲያ ማን ያሳምናት? ልጅ ያተረፈችው ደብቃ ነው፤ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

አምሐ እንግዳ እንደ ልብ በሚመጣበት ዘመን ወደ ስሜን ተራሮች ቱሪስት ይመራ ነበር። አንዲት አበባ ወዳድ ፈረንጅ አብራው ስትወጣ ስትወርድ ሰነበተችና፣ አገሯ ከገባች በኋላ በሌላ እንግዳ እጅ አንድ ሥር ላከችለት፤ በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ፣ የደረቀ ዝንጅብል የሚመስል። የአበባዋ ስም ፒዮኒ ነው አላት አምሐ ለእናቱ። ብርድ ትወዳለች፤ ውርጭ ካልቀመሰች አታብብም። ከሁለት ጣት በላይ ጠልቃ ከተቀበረች ቅጠል ብቻ ሆና ትቀራለች። አንዴ ከተተከለች ደግሞ ቦታ መቀየር አትወድም፤ አበባዋን ለማየትም ዓመታት መታገሥ ነው። የትነበርሽ ይህን ሁሉ ሰምታ "ኧረ እንዲህስ ያለች አመለኛ!" አለችና፣ ከነጭ ሽንኩርቷና ከጌሾዋ አልፋ፣ ከመንገድ በማትታይበት በአጥሩ ጥግ ተከለቻት።

በመጀመሪያው ዓመት ኅዳር ላይ ውርጭ ሲወርድ ቅጠሉ ጠቁሮ መሬት ላይ ተኛ። የትነበርሽ "ተበላች" ብላ አለቀሰች። የካቲት ላይ ጎመን ልትቀጥፍ ስትወጣ ግን ያየችው ነገር እግሯን አሰራት። ከባዶው መሬት ቀያይ ጣቶች ወጥተዋል። የተቀበረ ሰው አፈሩን ገፍቶ እጁን የሰደደ መስሏት አማተበች። ቆይታ ቡቃያ መሆናቸውን አወቀች፤ ቢሆንም ያ ድንጋጤ ከልቧ ጨርሶ አልወጣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ተክሏን የምትንከባከበው ግማሽ በፍቅር፣ ግማሽ በፍርሃት ነበር።

መንከባከቡን ግን ተንከባከበቻት፤ ይህን መካድ ግፍ ነው። በበጋ ውሃ አታጓድልባትም። ፍግ ስትሰጣት አንገቷን እንዳይነካት ዙሪያውን ትበትንላታለች። አረሟን በእጇ እንጂ በዶማ አትነቅልም። ለጋ ዱባ ላይ ጣት መቀሰር ፍሬውን ያረግፈዋል እንደሚባለው፣ በፒዮኒዋም ላይ ጣት የሚቀስር ሰው ቢኖር እጁን በጥፊ ለመምታት ወደ ኋላ አትልም ነበር። የሚቀስር ሰው እንኳ አልነበረም፤ ማን አይቷት!

አንድ ሰው ግን ያያታል። ከአጥሩ ወዲያ እንኳየሁ ትኖራለች። እንኳየሁ አንድ ዓይኗ ላይ ነጭ ነገር ጋርዷታል፤ በሌላው ስታይ ታዲያ ዓይኗን ሳትነቅል ነው የምታይ። ብቻዋን ናት። ቃልኪዳን የምትባል አንዲት ልጅ ነበረቻት፤ እርጉዝ ሆና፣ ልትወልድ ጥቂት ሲቀራት፣ ተንፈራግጣ ሞተች። መንደሩ ያኔ ያለውን መናገር ደስ አይለኝም፤ ግን አለ። "ልጇን በላቻት" አለ። እንኳየሁ ልጇን ቀብራ ስትመለስ ይህን ሰማች። ከዚያ ወዲህ ሕፃን የታቀፈች ሴት መንገድ ላይ ካጋጠማት ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ ጥጓን ይዛ ነው የምታልፈው። ማንም እንዲህ አድርጊ ያላት የለም፤ ማንም ተይ ያላትም የለም።

አሁን ወደ ሕይወት እንምጣ። ሕይወት የአምሐ ሚስት ናት፤ ማክሰኝት የተወለደች፣ ሳቂታ፣ ሆዷ ውስጥ ያለውን ለማንም የምትናገር ልጅ። የመጀመሪያ ፅንሷን ገና ሳይገፋ ለጎረቤት ሁሉ አበሰረችና በስድስተኛ ወሯ አስወረዳት። የትነበርሽ አልተቆጣችም፤ አንገቷን ብቻ ነቀነቀች። ዘንድሮ ሕይወት እንደገና አርግዛ ጥቂት ሳትቆይ ግን አምሐ ከቤት ወጣ። እንግዳው ከጠፋ በኋላ ሥራ ፍለጋ ወደ መተማ ወርዷል፤ ኔትወርክ ሲገኝ ይደውላል፣ ሳይገኝ ይሰነብታል። ስለዚህ ቤቱም፣ ልጅቱም፣ ፍርሃቱም በየትነበርሽ እጅ ቀሩ።

እሷም የምታውቀውን አደረገች። ሆዷ መታየት ሲጀምር ሕይወትን ጓዳ አስገባቻት። የቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ሃና ቤት ለቤት ስትዞር መጥታ "ሕይወትስ?" ስትላት፣ "ማክሰኝት፣ እናቷ ዘንድ ሰድጃታለሁ" አለቻት። ሃና ማንን ትመዝግብ? ሄደች። አምሐ ሲደውል ደግሞ ባሰ።

"እምዬ፣ ሐኪም ቤት እየሄደች ነው?"

"እየሄደች ነው። ደህና ናት፣ አታስብ።"

ሕይወት ይህን ከጓዳ ሆና ሰማች፤ አልተቃወመችም። የመጀመሪያውን ያጣችው በራሷ አፍ እንደሆነ ከአማቷ ጋር አምና ነበር። ሁለት ሴቶች በአንድ ፍርሃት ተስማምተው በራቸውን ዘጉ።

በዚያው ወራት ፒዮኒዋ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቡጥ ያዘች። ሚያዝያ ላይ ነው። የትነበርሽ ስታያቸው ልቧ ዘለለ፤ ወዲያው ደግሞ ወረደ። እንቡጦቹ ላይ ጉንዳን ይርመሰመሳል። ጉንዳኑ ጣፋጭ ላባቸውን ሊልስ እንጂ ሊጎዳቸው እንዳልመጣ አምሐ ነግሯት ነበር፤ ማን ሰምቶ! አራገፈችው። ከዚያ አሮጌ ሻሽ ቀድዳ እያንዳንዱን እንቡጥ ጠቀለለች፤ ዝናብ ሻሹን እንዳያረጥብባት ከላዩ ፌስታል አጠለቀችና አንገቱን በክር አሰረችው። ራሳቸውን የተሸፈኑ ትናንሽ ሕፃናት መሰሉ፤ እሷም ስታያቸው ደስ አላት።

አንዷ ብቻ አመለጠቻት። ቅርንጫፏ በአጥሩ ሽንቁር ሾልኮ ወደ እንኳየሁ ግቢ ወጥቷል። ያቺን ለመሸፈን የእንኳየሁን በር ማንኳኳት ሊኖርባት ነው። የትነበርሽ ቆማ አሰበችና ተወችው። "ያቺ የሷ ትሁን፤ ትብላትና ሌሎቹን ትተውልኝ" አለች በልቧ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ሕይወት ጓዳው አፈናት። የትነበርሽ ውሃ ልትቀዳ መሄዷን አይታ ወደ ጓሮ ወጣችና ፀሐይ ላይ ቁጭ አለች። የትነበርሽ ስትመለስ ያየችው ሁለት ነገር ነው፤ ሕይወት ራሷን ይዛ ተቀምጣለች፣ በአጥሩ ሽንቁር ደግሞ አንድ ዓይን አተኩሮ ያያታል። ጀሪካኑ ከእጇ ወደቀ።

"አንች የትነበርሽ!" አለች እንኳየሁ ከወዲያ። ስንት ዘመን ከማንም ጋር በአጥር ተነጋግራ ስለማታውቅ ድምፅዋ ሻክሯል። "የልጅቱ ፊት ምነው እንዲህ አበጠ? እግሯንም አየሁት። የኔዋም እንዲህ አብጣ ነበር፤ ራሴን ራሴን ትል ነበር። በማርያም ይዤሻለሁ፣ ሐኪም ቤት ውሰጃት!"

የትነበርሽ ከዚህ ንግግር የሰማችው "አየሁት" የሚለውን ብቻ ነው። እያማተበች ሕይወትን ብብቷን ይዛ ወደ ቤት ጎተተቻት። ተመልሳ ሽንቁሩን በእሾህ ወተፈችው፣ በላዩ አሮጌ ማዳበሪያ ሰቀለችበት። የጓዳዋን መስኮት ዘጋች። እዚያ ብኖር ኖሮ ክንዷን ይዤ "የሰማሽውን ስሚው እንጂ!" ብዬ እጮህባት ነበር፤ ግን እዚያ የነበረችው እንኳየሁ ናት፣ እሷም ጮሃለች።

ከዚያ ወዲያ ያሉት ቀናት ጥቁር ነበሩ። ሕይወት ጫማ አልገባላት አለ፤ የጣት ቀለበቷ አልወጣ አለ። ራስ ምታቱ አልለቃት አለ።

"እምዬ፣ ዓይኔ ላይ ብልጭ ብልጭ ይልብኛል።"

"የዚያች ዓይን ነው ልጄ፣ ዓይኗ ነው። ያልፋል።"

ጸበል አመጣችላት፤ ሕይወት ጠጣች፤ የትነበርሽ ተንበርክካ ሩፋኤልን ማህፀን ፍታ ብላ ለመነች። እንኳየሁ ያለችው በሄደችበት ሁሉ ጆሮዋ ውስጥ ይጮሃል። በሰማችው ቁጥር የበለጠ ትፈራለች፤ በፈራች ቁጥር በሩን የበለጠ ትዘጋለች። አምሐ ደወለ፤ ደህና ናት አለችው። ስልኩን ዘግታ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለች።

ሲዘንብ አድሮ በነጋበት አንድ ቀን፣ ፀሐይ ሞቅ ሲል፣ የትነበርሽ አንድ ሐሳብ መጣላት። ከእንቡጦቹ ትልቁን ፈትታ ለሕይወት ታሳያታለች። ልጅቱ ስንት ቀን ሙሉ ግድግዳ ስታይ ከረመች፤ አበባ አይታ ትሳቅ። ወደ ጓሮ ወጣች፤ ክሩን በጥርሷ በጠሰች፤ ፌስታሉን አወለቀች። ፌስታሉ ውስጡ በላብ ርሷል። ሻሹን ስትገልጠው የገማ ነገር ሸተታት። እንቡጡ ጠቁሮ፣ ግራጫ ሻጋታ ለብሶ፣ ስትነካው ጣቷ ላይ ተሟሟ።

ቀጣዩን ፈታች። እሱም እንደዚያው። ሌላውን በጣጥሳ ገለጠችው። ጥቁር ነው። ሁሉም ጥቁር ናቸው። አንድም የሰው ዓይን አላረፈባቸውም፤ የሸፈነቻቸው በገዛ እጇ ነው።

ቀና ስትል ሽንቁሩ ላይ ያንጠለጠለችው ማዳበሪያ በሌሊቱ ዝናብ ወድቋል። በእሾሁ መሐል አሻግራ አየች። በእንኳየሁ ግቢ በኩል ያቺ ያልተሸፈነችው እንቡጥ ፈክታለች፤ የሕፃን ራስ ታክላለች፣ ሮዝ ናት፣ ንብርብር ቅጠሏ ተቆጥሮ አያልቅም። ከብዷት እንዳትሰበር ከሥሯ ባላ እንጨት ተተክሎላታል። ባላውን የተከለው ማን እንደሆነ የትነበርሽ መጠየቅ አላስፈለጋትም።

ቆማ ሳለች ከቤት ውስጥ የሆነ ነገር ተንኳኩቶ ወደቀ። ሮጠች። ሕይወት ጓዳ ውስጥ መሬት ላይ ተዘርራ ትንፈራገጣለች፤ ዓይኗ ተገልብጧል፣ አፏ አረፋ ይዟል። የትነበርሽ ያቺን ልጅ በዚያ ሁኔታ ስታይ የቃልኪዳን ሞት፣ መንደሩ ያለው፣ እንኳየሁ የጮኸችው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባት። ሐኪም ቤት ውሰጃት ተብላ ነበር። በግልጽ ነበር የተነገራት።

"እንኳየሁ!" ብላ ጮኸች። "እንኳየሁ፣ ድረሽልኝ!"

እንኳየሁ በበር ዞራ አልመጣችም። አጥሩን በእጇ ነቅላ፣ እሾሁ ክንዷን እየቧጠጣት ገባች። ሕይወትን በጎኗ አስተኛቻት፣ ከራሷ ሥር ነጠላዋን አደረገች። "ወጥተሽ ሰው ጥሪ! የሰማ ሁሉ ይምጣ!" አለች። የትነበርሽም በሯን ወለል አድርጋ ከፍታ መንገድ ላይ ወጣች፤ ያን ሁሉ ወር የደበቀችውን በአንድ ትንፋሽ ለመንደሩ ጮኸች። ሰው ግቢውን ሞላው። የመንደሩ ባጃጅ ነጂ አያ ቢሻው ባጃጁን በር ድረስ አስገባ። ሕይወትን ሆዷ ለሁሉ እየታየ ተሸክመው አወጧት፤ ማንም ሊሸፍናት ጊዜ አልነበረው።

በደባርቅ ሆስፒታል የእርግዝና ደም ግፊት ነው ብለው መርፌ ወግተው በአምቡላንስ ወደ ጎንደር ሰደዷት። ያ መንገድ አላልቅ አለ። የትነበርሽ የሕይወትን እግር ይዛ፣ እንኳየሁ ራሷን ይዛ፣ ዳባትን አልፈው፣ አምባ ጊዮርጊስን አልፈው ወረዱ። መንገድ ላይ ደግማ ተንፈራገጠች። የትነበርሽ መጸለይ እንኳ አቃታት፤ "ልጄን፣ ልጄን" ከማለት ሌላ ከአፏ ቃል አልወጣም።

ጎንደር ሲደርሱ አንዲት ወጣት ሐኪም በቃሬዛው ጎን እየሮጠች ጠየቀቻት።

"ክትትል የት ነበራት? እስከ ዛሬ ማን አይቷት ያውቃል?"

"ማንም አላያትም" አለች የትነበርሽ።

ለወራት የኮራችበት ነገር ነበር። ሐኪሟ ቃሬዛውን እየገፋች ገባች፤ በሩ ተዘጋ።

ከበሩ ውጭ ሁለቱ ሴቶች ጎን ለጎን ተቀመጡ። የትነበርሽ ለአምሐ ደወለችና እውነቱን ነገረችው፤ ውሸቷን ሁሉ አንድ በአንድ። ቢጮህባት ትመርጥ ነበር። "መጣሁ" ብቻ ብሎ ዘጋ። እንኳየሁ አጠገቧ ሆና የልጇን ስም ለራሷ ስታንሾካሹክ ሰማቻት። የትነበርሽ ይቅር በይኝ በማለት ፈንታ የእንኳየሁን የተቧጠጠ ክንድ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት።

በቀዶ ሕክምና ሕፃኗን አወጧት። ጊዜዋ ያልደረሰ፣ መዳፍ የምታክል ሴት ልጅ ናት፤ ማሞቂያ ውስጥ አስገቧት። ሕይወት ግን ቶሎ አልነቃችም። ስትነቃም መጀመሪያ ያለችው "ጨለማ ነው" ነው፤ ዓይኗ ተጋርዶ ነበር። ያ ብዥታ ቀስ እያለ እስኪገፈፍ ድረስ የትነበርሽ ቆማ ዋለች። አምሐ አቧራ ለብሶ ደረሰ፤ እናቱን አልፎ ሚስቱ አልጋ ሥር ተንበረከከ። የትነበርሽ ይህም ይገባኛል አለች።

ሕፃኗ ትንሽ ስትጠና ከማሞቂያው አውጥተው ለእናቷ ሰጧት። አራስ ሕፃን እስክትጠመቅ ድረስ ባዕድ ሰው አያያትም፤ የትነበርሽ ይህን ከእናቷ ሆድ ይዛው የወጣች ያህል ነው። እንኳየሁም ታውቃለች፤ ሕፃኗ ክፍል ውስጥ ከገባች ጀምሮ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣለች። ውሃ እንኳ ስታቀብል አንገቷን ሰብራ ነው።

የትነበርሽ ሕፃኗን ከሕይወት ጎን አነሳቻት፤ ወደ እንኳየሁም ሄደች። አልዋሽም፣ አሁንም ትፈራ ነበር። በአንድ ሳምንት ፍርሃት ከሰው አይለቅም። እጇ ሕፃኗን መልሶ ሊሸፍን እየቃጣው ነበር።

"እያት" አለቻት።

"ኧረ ተይኝ፣ የትነበርሽ!" እንኳየሁ ዓይኗን በነጠላዋ ሸፈነች። "እኔን? ተይ በማርያም፣ አንድ ነገር ብትሆን..."

"እያት እልሻለሁ። ያን ጊዜም ያየሽልኝ አንች ብቻ ነሽ።"

እንኳየሁ ነጠላዋን አወረደች፤ እጆቿን ዘረጋች። ሕፃኗን ተቀብላ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደቻትና በዚያች በአንድ ደህና ዓይኗ አየቻት። ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት። ግንባሯን፣ ጉንጯን፣ መዳፏን አየች። በአውራ ጣቷ የዓይኗን ቆብ ቀስ አድርጋ ገለጥ አደረገች።

የእንኳየሁ ፊት ተለወጠ።

"ብጫ ብላለች" አለች። "የዓይኗ ነጩ ሳይቀር። ከትናንት ወዲህ ጡት ጠብታ ታውቃለች?"

የትነበርሽ አላማተበችም፤ "ዓይንሽ ነው" አላለችም። ሕፃኗን ከእጇ ተቀብላ፣ ፊቷን ሳትሸፍን፣ አስታማሚና በሽተኛ በሞላው ኮሪደር ሰው ሁሉ እያያት፣ "ነርስ! እዩልኝ! ልጄን እዩልኝ!" እያለች ሮጠች።